የመጀመሪያዬን የአየር ጠመንጃ ስመርጥ፦ የድሬ ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ

የድሬ ሙቀት ረገብ የሚልበት ሰሞን ገባ። አሁን ከሰዓት በኋላም ቢሆን ጓሮ ወጥቶ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ስመኘው የኖርኩትን ነገር ልጀምር ነው። የመጀመሪያዬን የአየር ጠመንጃ ልመርጥ።

የምፈልገው አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረው የሚያቀባብሉትን ዓይነት ነው። በበዓል ሰሞን ዒላማ የሚያስመቱ ልጆች ይዘውት የሚቆሙትን ማለቴ ነው። ለአደን አይደለም። ወፍ ላይም አልተኩስም። ፍላጎቴ በ10 ሜትር ርቀት ወረቀት መምታት ብቻ ነው። ርቀቱን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአየር ጠመንጃ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ በ10 ሜትር ነው። ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት። 10 ነጥብ የምታሰጠው የዒላማው መሀል ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ከጥይቷ ራሷ ታንሳለች! ይህን ያወቅኩ ቀን ነው ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው።

ቤታችን ሳቢያን ነው። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ኋላው አጥር 10 ሜትር ተገኝቶ ትንሽ ይተርፋል። አጥሩ ብሎኬት ነው፤ ከጀርባው የሰው መተላለፊያ የለም። "ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለምን አትለማመድም?" ያሉኝ ነበሩ። አይሆንም። ደቻቱ ውሃ የለውም እንጂ ቀኑን ሙሉ ሰውና ፍየል ያቋርጠዋል። ተኩስ ደግሞ ማን ከየት እንደሚመጣ በማይታወቅበት ቦታ አይሞከርም።

ከሁሉ በፊት

መጀመሪያ የሄድኩት ፖሊስ ጣቢያ ነው። "የአየር ጠመንጃ እኮ መጫወቻ ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አላት። ስለዚህ ምን ዓይነት ዕቃ እንደምፈልግ፣ ለምንና የት እንደምጠቀምበት በወረቀት ጽፌ ይዤ ሄድኩ። የተባልኩትን አሟልቼ ነው ወደ ሌላው ሥራ የገባሁት። ከዚያ በኋላም ወረቀቱ ያልተሟላ ጠመንጃ ለማየት እንኳ አልሄድኩም። የሻጭ "ችግር የለውም" ማንንም አያድንም።

ቀጥሎ ጎረቤቶቼን ነገርኳቸው። የቀኟ ጎረቤታችን "አቦ፣ ልጆቹ አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ፣ አደራ" አለችኝ። አጥሩ ላይ ልጅ ከታየ ጠመንጃው ይቀመጣል። በሯ ላይ ቆሜ ቃል ገባሁላት።

ለገሃሬ፣ ጋሼ ዘንድ

ጋሼ ዕድሜውን በምድር ባቡሩ ጋራዥ የፈጀ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶም ብረት ጨምቆ የሚይዝለት ሞርሳው አልተለየውም፤ በረንዳው ላይ ተክሎታል። ዒላማ የሚያስመቱት ልጆች ጠመንጃቸው ሲበላሽ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው።

"ምን ያህል ርቀት ትመታለች ብለህ እንዳትጠይቀኝ" አለኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። "ውስጧ ምን እንዳለ ጠይቀኝ።"

ጠረጴዛው ላይ አንድ የተፈታ ነበረው። ሲሊንደር፣ ፒስቶን፣ ረጅም ሞላ። ሌላው ሁሉ የእነዚህ አጃቢ ነው። አፈሙዙን ሰብረህ ስትስበው ከሥሩ ያለው ዘንግ ፒስቶኑን ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስቶኑ ሞላውን ይጨምቃል። መጨረሻው ላይ ቀጭ ሲል ከቃታው ጋር የተያያዘው ጥርስ ያዘው ማለት ነው። ጥይት ታጎርሳለህ፣ አፈሙዙን ትመልሳለህ። ቃታ ስትስብ ጥርሱ ይለቅቃል። ሞላው ፒስቶኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል። ከፊቱ ያለው አየር በቅጽበት ይታመቅና በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ጥይቷን ይገፋታል። ባሩድ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ሲያሳየኝ የምርጫዬ ግማሽ እዚያው አለቀ። ለምን? ከባዱ ፒስቶን ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይነጥራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቷ ገና አፈሙዝ ውስጥ ሳለች ነው። ሞላው በበረታ ቁጥር መናወጡም ይበረታል። ለጀማሪ እጅ ደግሞ መናወጥ ጠላት ነው። ሱቅ የገባ ጀማሪ ሁሉ ግን በቅድሚያ የሚጠይቀው "ኃይለኛው የቱ ነው?" ብሎ ነው።

ጋሼ ሁለት ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። አንደኛው፣ ጥይት ሳታጎርስ ቃታ እንዳትስብ። ጥይቷ መውጫውን ስትዘጋ ከፒስቶኑ ፊት የሚታመቀው አየር ትራስ ይሆንለታል። ጥይት ከሌለች ትራስም የለም፤ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሞላውም፣ ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሆኖ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ጓርኒሲዮንም ያልቃል። ሁለተኛው ስለ ጣት ነው። ስታጎርስ አንዱ እጅህ አፈሙዙን አጥብቆ መያዝ አለበት። ጥርሱ ድንገት ቢለቅ አፈሙዙ በሞላው ጉልበት ተመልሶ ይዘጋል፤ መሀሉ ያገኘውን ጣት ይቆርጣል። ሲናገር የራሱን አውራ ጣት በሁለቱ ብረት መካከል አስገብቶ አሳየኝ። ያን ጊዜ ሞላው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

መጠንና ጉልበት

ይህን ባጭሩ። በብዛት የሚገኘው 4.5 እና 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። 4.5ቷ ግማሽ ግራም አለፍ ትላለች፣ 5.5ቷ ወደ 0.9 ግራም ትጠጋለች። በእኩል ጉልበት ሲተኮሱ ቀላሏ ትፈጥናለች፣ አካሄዷም ቀጥ ይላል። ውድድሩም በእሷ ነው። ለወረቀት 4.5 ነው።

ጉልበት የሚለካው በጁል ነው። የጥይቷን ክብደት በኪሎ አስቀምጠህ በፍጥነቷ፣ እንደገናም በፍጥነቷ ታባዛለህ፤ ከዚያ ለሁለት ታካፍላለህ። 0.53 ግራም የምትመዝን ጥይት በሰከንድ 168 ሜትር ብትወጣ 7.5 ጁል ይመጣል። ጀርመን ውስጥ ለአዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ የሚሸጠው እስከዚህ ጉልበት ያለው ነው። ባለ አምስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ኤፍ ፊደል ይታተምበታል። እንግሊዝ ወሰኑን 16 ጁል ገደማ ላይ አድርጋዋለች። ለ10 ሜትር ወረቀት 7.5 ጁል በቂ ነው። የውድድር ጠመንጃዎችም እዚያው አካባቢ ናቸው።

ሦስቱን አየሁ

የመጀመሪያው ከውጭ የመጣ አዲስ ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ የማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 1000 ጫማ ይላል፤ በሜትር ወደ 305 ነው። ባለቤቱ ደጋግሞ የሚያነብልኝ ይህንኑ ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በጣም ቀላል ጥይት ተተኩሶ ነው። በተለመደው የእርሳስ ጥይት ይወርዳል። ደግሞስ ፍጥነቱን ምን ላደርገው?

ለማቀባበል የሚጠይቀውን ጉልበት በተንጠልጣይ ሚዛን ለካሁት። የሚዛኑን መንጠቆ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በገመድ አስሬ፣ ቀጭ እስኪል ሳብኩ። ከ20 ኪሎ በላይ አነበበ። አንዴ ሁለቴ ይቻላል። ልምምድ ግን አንዴ ሁለቴ አይደለም። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ አነጣጥሬ ምን ልማር ነው?

ውስጡ ደግሞ ሞላ የለውም፤ በጋዝ ነው የሚሠራው። ጋዝ የራሱ ጥቅም አለው። ተቀባብሎ ቢቆይ እንደ ሞላ አይደክምም፤ ሲተኮስም የሞላ ንዝረት አይሰማም። ነገር ግን ጋዙ ካፈተለከ ሙሉ ዕቃው ይለወጣል። ያን ዕቃ ድሬ ላይ ከየት አመጣለሁ? ሙቀቱም አለ። የታሸገ ጋዝ ከ15 ዲግሪ ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የኅዳር ጠዋትና የግንቦት ቀትር አንድ ዓይነት አይተኩስም ማለት ነው። ሞላ ግን ሞላ ነው። ቶርኖ ቤት ያለበት ከተማ ውስጥ ለሞላ መላ አይጠፋም።

መነጽሩንም አልፈለግኩትም። የሞላም ሆነ የጋዝ ጠመንጃ ወዲያና ወዲህ ስለሚነጥር ለዚህ ተብሎ ያልተሠራ መነጽር ውስጡ ይላቀቃል። ጀማሪ ደግሞ በብረት ማነጣጠሪያ ቢጀምር ዓይኑም እጁም ይሠለጥናል።

ሁለተኛው የአንድ ዒላማ አስመቺ ልጅ ነው። ርካሽ፣ ቀላል፣ ብዙ የሠራ። አፈሙዙን ዘግቼ ግራና ቀኝ ወዘወዝኩት። ይላወሳል። መጋጠሚያው ላይ ያለውን ብሎን በካቻቪቴ አጥብቄም አልቆመም። አፈሙዙ በየተኩሱ ሌላ ቦታ ከተቀመጠ ማነጣጠሪያው ቢስተካከልም ዋጋ የለውም። በባትሪ መብራት አፈሙዙ ውስጥ ሳይ ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። ልጁ የብረት ኳስ እንደሚተኩስበት ነገረኝ። ለስላሳው እርሳስ ቦዮቹን ይዞ እየተሽከረከረ ይወጣል። ብረት ግን ይፍቃቸዋል፤ ጠንካራ ነገር ሲመታም ወደ ተኳሹ ተመልሶ ይመጣል። ለልጁ ይህን ነግሬው፣ የእርሳስ ጥይት ከየት እንደማገኝም ጠቁሜው ተለያየን።

ሦስተኛው ጋር ስደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። የጋሼ ወዳጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው ባለቤቷ። ከዓመታት በፊት ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ዒላማ ያስመቱ ነበር። ከሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ሽርጥ ተጠቅልላ ወጣች። ዲያና 27።

ሲሊንደሯ ላይ የፋብሪካው ምልክት ይታያል፤ ዲያና የምትባለው የአደን እንስት አምላክ ቀስቷን ጥላ የአየር ጠመንጃ ወደ ላይ አንስታ። ሰደፉ አጠገብ ደግሞ ጥቃቅን ቁጥሮች ተመትተዋል። የተሠራችበት ወርና ዓመት ነው። በጣቴ አቧራውን ስጠርግ 71 የሚለው ወጣ። ጀርመን፣ ራሽታት፣ 1971 እ.ኤ.አ.። ሰደፉ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ያብለጨልጫል። ስንት ሰው ጉንጩን አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል!

ወዘወዝኳት። አፈሙዟ ንቅንቅ አላለም። ሚዛኑ ወደ 9 ኪሎ አነበበ። ክብደቷ 3 ኪሎ አይሞላም። ቃታዋ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በቀላሉ ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ከጨመርክ ይለቅቃል። መቼ እንደምትተኩስ ታውቃለህ ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

ከዚያ የሶፍት ሙከራ። ቀጭን ሶፍት ቀድጄ አፈሙዙና ሲሊንደሩ በሚገናኙበት ላይ አለበስኩ። ጥይት አጉርሼ ወደ አፈር ክምር ተኮስኩ። ሶፍቱ ብን ብሎ ተነሳ። አየሩ በጎን እያመለጠ ነው። አዛውንቱ ፊታቸው ቅር አለው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይህ የሚጠገን በሽታ ነው፤ የአፈሙዝ መላወስና የቦይ መጥፋት ግን አይደለም።

ዲያናዋን ገዛሁ። አዲስ መግዛት ለሚፈልግ ሰው፣ የቫይራውኽ ኤችደብሊው 30 በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው፤ ቀላል፣ ለስላሳ፣ ቃታው የተመሰከረለት። አሮጌ ለሚያገኝ ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያው ስላቪያ 630 ጥሩ ነው። ስሙ ግን ያን ያህል ቁም ነገር አይደለም። በሚዛን፣ በመወዝወዝና በሶፍት ይፈተን።

መፍታት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሼ በረንዳ ላይ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ጀመርን።

ሞላው ጠመንጃው ባይቀባበልም እንኳ እንደተጨመቀ ነው የሚቀመጠው። የኋላውን መዝጊያ በእጅ የሚፈታ ሰው ሞላው ደረቱ ላይ ይወጣበታል። ጋሼ ለዚህ የሚሆን መጭመቂያ አለው። ወፍራም ጣውላ፣ ዳርና ዳር ላይ የተበየደ ብረት፣ መሀሉን የሚገፋ ረጅም ብሎን። ጠመንጃዋን እዚያ ላይ አስተኛናት። ብሎኑን አጥብቀን ሞላውን ያዝነው፣ ማሰሪያዎቹን አወጣን፣ ከዚያ ብሎኑን ቀስ ብለን እያላላን ሞላው ራሱ እስኪያርፍ ጠበቅን።

ሞላውን መስታወት ላይ አንከባለልነው። ቀጥ ያለ ሞላ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእኛው ትንሽ ይወላገዳል፤ ለጊዜው ያገለግላል አለ ጋሼ። ርዝመቱንና የሽቦውን ውፍረት በካሊብሮ ለክቼ ጻፍኩ፤ ምትክ ሲያስፈልግ ቶርኖ ቤት ይዤው የምሄደው ይህንን ቁጥር ነው።

ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ቆዳ ነው። ደርቆ ጠንክሯል፤ በጥፍር ሲመታ ይጮኻል። ጋሼ ሞራ አቅልጦ ቆዳውን ነከረው። ሌሊቱን አድሮ ሲወጣ ለስልሶ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ተከፍቶ ነበር። አየር የሚይዘው ይህ ጠርዝ ነው። የአፈሙዙ መዝጊያ ላይ ያለችው የቆዳ ቀለበት ግን ተሰነጣጥቃለች። ለገሃሬ ያለ ጫማ ሰፊ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። በሁለት ጣቱ አገላብጦ አያት፣ ከወፍራም የሶል ቆዳ ልኳን ቆረጠ፣ መሀሏን በወስፌ በሳ። ከአሮጌዋ በጥቂቱ ከፍ እንድትል አደረጋት፤ አፈሙዙ ሲዘጋ እንድትጨመቅ።

ግራሶ በጣም ጥቂት ነው የተጠቀምነው። ሞላው ላይ ሳሳ ያለ፣ ፒስቶኑ ጎን ላይ ሳሳ ያለ። ከፒስቶኑ ፊት ግን ምንም። አየሩ በድንገት ሲታመቅ በጣም ይሞቃል። ዘይት ወይም ግራሶ እዚያ ከተገኘ ይቀጣጠላል፤ ጠመንጃው ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ጓርኒሲዮኑም ሞላውም ይጎዳል። "ዘይት ባበዛህለት ቁጥር የሚወድህ ማሽን የለም" አለ ጋሼ። በባቡሩ ዘመን ለልጆቹ የሚለው ነው መሰለኝ።

ገጥመናት የሶፍት ሙከራውን ደገምን። ሶፍቱ ከቦታው አልነቃነቀም። የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች የሞራ ሽታ ያለው ስስ ጭስ አወጡ፤ ቆይቶ ጠፋ።

ጥይት ማቆሚያው

ጠመንጃ ገዝቶ ማቆሚያ ሳይሠሩ መተኮስ የለም። ጣውላ ብቻ አይሆንም፤ እየተቦረቦረ ይሄዳል፣ አንዳንዷንም ይመልሳታል። ቀጥ ብሎ የቆመ ብረትም ጥይቷን ወደ ተኳሹ ይመልሳል።

ላሜራ አስቆርጬ ሳጥን አስበየድኩ። ፊቱ ክፍት ነው፤ ወረቀቱ የሚሰቀለው እዚያ ነው። ውስጡ ያለው ላሜራ 45 ዲግሪ ወደ ታች ዘምበል ብሏል። ጥይቷ ወረቀቱን በስታ ዘምባላውን ላሜራ ስትመታ ጠፍጣፋ ሆና ወደ ታች ትወርዳለች። ከሥሩ የአሸዋ ትሪ አለ። ሳጥኑን ብሎኬቱ አጥር ላይ አስደግፌ፣ ግራና ቀኙን በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ አቆምኩለት። በያጁ፣ ሳጥኑን ለምን እንደፈለግኩት ሲሰማ፣ ጠርዙን ሁሉ ሳይጠየቅ በሞረድ አለሰለሰልኝ። ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ስለ እርሳሱ ልናገር። ጥይቷ እርሳስ ናት፤ እርሳስ መርዝ ነው። በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። እየተኮሱ መብላት የለም፣ ጥይት አፍ ውስጥ መያዝም የለም፤ ይህን የሚያደርጉ ልጆች አይቻለሁ። በሳጥኑ ዙሪያ የሚገኘው ብናኝ በመጥረጊያ አይቦንም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። ትሪው ውስጥ የተጠራቀመው እርሳስ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጣል፣ ጣሳው ላይም ተጽፎበታል።

አያያዝ

ጥይቷ ጠፍጣፋ ራስ ያላት ናት። ወረቀት ላይ ክብና ንጹሕ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ሹሏ ግን ቀድዳ ታልፋለች፣ ነጥብ ለመቁጠር ያስቸግራል። ጅራቷ ሰፊና ባዶ ነው። ስታጎርሳት ጅራቷ ወደ አንተ ይዞራል። ያ ስስ ጠርዝ ነው በአየሩ ግፊት ተለጥጦ ቦዮቹን የሚይዘው። ጠርዙ የተቀጠቀጠ ጥይት የትም ይሄዳል። ስለዚህ ለሞላው የተጠቀምንበትን መስታወት አሁን ለጥይት አዋልኩት። እየተንከባለለች ከጓደኞቿ የምትለይ ካለች ትወጣለች። ቆርቆሮውንም እንዳላንቀጫቅጭ እጠነቀቃለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጠመንጃዋን እንደ ወታደር ጨምቄ ያዝኳት። አምስት አምስት እያልኩ ነው የምተኩሰው። የአምስቱ ቀዳዳዎች ስፋት በካሊብሮ ወደ 40 ሚሊ ሜትር መጣ። ጋሼ ወንበሩን ከኋላዬ አድርጎ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "ልቀቃት እንጂ" አለኝ። "ትንቀሳቀስ። አንተ ብትከለክላትም ባትከለክላትም መንቀሳቀሷ አይቀርም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ትንቀሳቀስ ብቻ።"

የሞላ ጠመንጃ ምሥጢር ይኸው ነው። የግራ እጄን መዳፍ ዘርግቼ ከሥሯ አስቀመጥኩ፤ ጣቶቼ አይጨብጧትም። ሰደፉ ትከሻዬን ነካ ብቻ ያደርገዋል። ጉንጬ ሳይጫን ያርፋል። የግራ እጄን የት እንዳስቀመጥኩ በመጻፊያ እርሳስ ሰደፉ ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ሁልጊዜ እዚያው እንዲያርፍ። የዓይኔን ትኩረት ዒላማው ላይ ሳይሆን የፊተኛው ማነጣጠሪያ ጫፍ ላይ አደረግኩ። ዒላማው ትንሽ ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ቃታውን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አድርሼ፣ ትንፋሼን ግማሽ አውጥቼ፣ ጨመርኩ። ከተኮስኩም በኋላ ጥቂት ሳልነቃነቅ ቆየሁ።

18 ሚሊ ሜትር። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት። ጋሼ ካሊብሮውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደግሞ ለካው።

ያ 20 ኪሎ የሚስበው ትልቁ ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ይህን ትምህርት አላገኘውም ነበር። ልቅ አድርገህ ልትይዘው ብትፈልግ እንኳ መናወጡ ያስፈራሃል። ስትፈራ ትጨምቃለህ። ስትጨምቅ ትስታለህ። ከዚያ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ይመስልህና ሌላ መነጽር ልትገዛ ትወጣለህ።

ታኅሣሥ፣ ከቁልቢ መልስ

ገብርኤልን ተሳልመን ተመለስን። ሳጥኑ ላይ አቧራ ሰፍሯል፣ በእርጥብ ጨርቅ አነሳሁት።

ዲያናዋ ፈጽሞ ተቀባብላ አትቀመጥም፤ ሞላው ይደክማል፣ አደጋም ነው። ጥይቱ በአንድ ቁልፍ፣ ጠመንጃዋ በሌላ ቁልፍ ናቸው። ከተኩስ በኋላ ብረቷን ዘይት በነካ ጨርቅ እጠርጋታለሁ፤ የእጅ ላብ ድሬ ላይ ቶሎ ያዝጋል።

ጫማ ሰፊው የቆረጣት ቀለበት ትንሽ ሰጥማለች። ሶፍቱ ገና አልተነሳም፣ ነገር ግን ስትዘጋ የነበራት ጥብቀት ቀንሷል። ሁለት መለዋወጫ አስቆርጬ ሞራ ውስጥ ነክሬያቸዋለሁ። የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍታ ማስተካከያ ብሎንም ይላላል፤ ነገ ጋሼ ጋር ይዣት እሄዳለሁ። ቀዳዳዎቹ ከመሀል ወደ ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣሉ። የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቷ እንድትሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ስለሚገፋ፣ ብሎኑ ከተጠበቀ በኋላ ወደ ግራ ጥቂት እገፋዋለሁ። ዒላማ ወረቀቱ ተሰቅሏል።